የትኛው ኢሜይል ይሻላል? ስልክ የጠፋ ቀን የሚለዩት አማራጮች

የአክስቴ ልጅ ስድስት ዓመት ገልፍ አገር ሠርታ ተመለሰች። በመጣች በሁለተኛው ወር ስልኳ ወድቆ ስክሪኑ ተሰበረ። አዲስ ስልክ ተገዛላት። ኢሜይሏን ልትከፍት ስትል ፓስወርዱን አታውቀውም። «ወደ ስልክዎ ኮድ ልከናል» የሚል ጽሑፍ መጣ። ኮዱ የሄደው እዚያ ሳለች ትጠቀምበት ወደነበረው ቁጥር ነው። ሲሙ ደግሞ የመኖሪያ ፈቃዷ ሲያበቃ አብሮ ተዘግቷል።

ኢሜይሉ ውስጥ የሥራ ውሏ ኮፒ አለ። ገንዘብ የላከችባቸው ደረሰኞች አሉ። ከአገር ቤት የተላከላት የልጇ ፎቶ አለ። አካውንቱን የከፈተላት ስልኩን የሸጠላት ልጅ ነበር። ፓስወርዱን ያወጣው እሱ ነው። «ሪከቨሪ ኢሜይል» (በር ሲዘጋ መመለሻ የሚሆን ሌላ ኢሜይል) የሚለውን ቦታ ባዶ ትቶ አልፎታል። እኔና እሷ ሦስት ምሽት ስንታገል አመሸን።

ከዚያ ወዲህ «የትኛው ኢሜይል ይሻላል?» ብሎ ለሚጠይቀኝ ሁሉ መጀመሪያ የምመልሰው በጥያቄ ነው። ስልካችሁ ቢሰረቅ፣ ሲማችሁ ቢዘጋ፣ ፓስወርዱም ቢጠፋባችሁ፣ በየት በኩል ተመልሳችሁ ትገባላችሁ? የቦታው ስፋትና የአፑ ማማር ከዚህ በኋላ ይመጣል። ከዚህ በታች ያሉትን አማራጮችም በዋናነት በዚህ ጥያቄ ነው የመዘንኳቸው።

ጂሜይል

ጂሜይል እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1 ቀን 2004 ሥራ ሲጀምር 1 ጊጋባይት ቦታ በነፃ እሰጣለሁ አለ። ያኔ ሆትሜይል የሚሰጠው 2 ሜጋባይት ነበር። ብዙ ሰው የአፕሪል ዘ ፉል ቀልድ መስሎት ነበር። ዛሬ ነፃው ቦታ 15 ጊጋባይት ነው። ይህ ቦታ ግን የኢሜይሉ ብቻ አይደለም። ጉግል ድራይቭና ጉግል ፎቶስም ከዚያው ላይ ነው የሚቆርጡት።

ይህን ደጋግሜ የምናገረው ብዙ ሰው የሚቸገርበት ስለሆነ ነው። የሠርግ ቪዲዮ፣ የክርስትና ፎቶ፣ ከቴሌግራም የወረደ ነገር ሁሉ ወደ ጉግል ፎቶስ ባክአፕ ሲደረግ 15 ጊጋባይቱ ይሞላል። የሞላ ቀን ኢሜይል መግባት ያቆማል። የላከላችሁ ሰው መልእክቱ ተመልሶበት ያያል። እናንተ ግን ምንም አታዩም። የቅጥር ጥሪ ወይም የዩኒቨርሲቲ መልስ የምትጠብቁ ከሆነ ይህ ከባድ ነገር ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። በፎቶስ ውስጥ ትላልቅ ቪዲዮዎችን ማጥፋት ወይም ባክአፑን ማቆም ነው። የጠፋው ነገር ቦታ የሚለቀው ግን ከቆሻሻ ቅርጫቱም ሲጸዳ ነው።

አሁን ወደ መመለሻው እንምጣ። ጉግል ማንነታችሁን የሚያረጋግጠው በቁጥርና በፓስወርድ ብቻ አይደለም። ከዚህ በፊት የገባችሁበትን ስልክ ወይም ኮምፒውተር፣ የምትጠቀሙበትን ብራውዘር፣ ያላችሁበትን ቦታም ያያል። ስለዚህ ፓስወርድ የጠፋበት ሰው ወደ ኢንተርኔት ካፌ ሮጦ መሞከሩ ነገሩን ያባብሳል። መሞከር ያለበት ቤት፣ በለመደው ዋይፋይ፣ በለመደው ስልክ ነው። የድሮ ፓስወርድ ሲጠየቅም የሚያስታውሰውን መጻፍ አለበት። ባዶ ከመተው የድሮው ይሻላል።

ሌላ ሰው ሰብሮ ገብቶ የማስመለሻ ቁጥራችሁን ቢቀይረው ጊዜ አላችሁ። የቀድሞው ቁጥር ወይም ኢሜይል ከተቀየረ በኋላም እስከ 7 ቀን ለማስመለስ ሊያገለግል ይችላል። ስለዚህ «ቁጥርዎ ተቀይሯል» የሚል ማሳወቂያ ከመጣ ነገ ዛሬ አትበሉ።

ጉግል እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ የምታምኑትን ሰው አስቀድማችሁ እንድትመዘግቡና በር ሲዘጋባችሁ እንዲያግዛችሁ የሚያደርግ አሠራር ጀምሯል። ለኛ ቤተሰብ ይህ ጥሩ ነው። ወንድም ወይም እህት መመዝገብ ይቻላል። የተመዘገበው ሰው የእናንተን ኢሜይል ማንበብ አይችልም።

ሁለት ዓመት ሙሉ ያልተነካ አካውንትን ጉግል ሊያጠፋው ይችላል። ይህ ደንብ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 2023 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። ግን አንድ የምወደው ነገር አለ። አንዴ የጠፋ የጂሜይል አድራሻ ለሌላ ሰው አይሰጥም። ይህ ለምን እንደሚጠቅም ያሁ ላይ ስንደርስ ይታያችኋል።

አውትሉክ፣ ማለትም የድሮው ሆትሜይል

ሆትሜይል እ.ኤ.አ. በ1996 ተጀመረ። በቀጣዩ ዓመት ማብቂያ ማይክሮሶፍት ገዛው። ዛሬ ስሙ አውትሉክ ነው። የድሮዎቹ የሆትሜይል አድራሻዎች ግን አሁንም ይሠራሉ። ለመልእክት 15 ጊጋባይት ይሰጣል። ለፋይል የሚሆነው 5 ጊጋባይት ለብቻው ነው። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ከኢሜይል ጋር የተያያዙ ፋይሎች ከ5ቱም ላይ ይቆጠራሉ። 5ቱ ከሞላም ኢሜይል መላክና መቀበል ይቆማል። ብዙ ሰነድ ለምትላላኩ ሰዎች ይህ ጠባብ ነው።

አውትሉክ ላይ የምወደው አንድ ነገር አለ። አድራሻ መቀየር ይቻላል። በአሥራ ስድስት ዓመታችሁ «ቆንጆዋ» ወይም «ጀግናው» ብላችሁ የከፈታችሁት አድራሻ ዛሬ ለሥራ ማመልከቻ ያሳፍራችሁ ይሆናል። አውትሉክ ላይ አዲስ አድራሻ በዚያው ሣጥን ላይ ትጨምራላችሁ። አዲሱን ዋና ታደርጉታላችሁ። የድሮ መልእክቶች ሁሉ ባሉበት ይቆያሉ።

መመለሻው ግን ጠበቅ ያለ ነው። በሩ ሲዘጋ የሚሞላ ፎርም አለ። ፎርሙ ስም፣ የልደት ቀን፣ የድሮ ፓስወርድ፣ በቅርቡ የላካችኋቸውን መልእክቶች ርዕስ፣ የጻፋችሁላቸውን ሰዎች አድራሻ ይጠይቃል። በደንብ የሞላ ሰው ዕድል አለው። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ (ከፓስወርድ ሌላ ኮድም የሚጠይቀውን) ያበራ ሰው ግን ይህን ፎርም መጠቀም አይችልም። ቁጥሩም ተጠባባቂ ኢሜይሉም ከጠፉበት የሚያድነው አስቀድሞ ያወጣው ባለ 25 አሃዝ የማስመለሻ ኮድ ነው። ይህን ኮድ አንዴ አውጥቶ ወረቀት ላይ መጻፍ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ሌላም አለ። የደኅንነት መረጃችሁን ሙሉ በሙሉ በአዲስ ከተካችሁ 30 ቀን ትጠብቃላችሁ። ይህ የተደረገው ሌባ ገብቶ ወዲያው ሁሉንም እንዳይቀይር ነው። ዓላማው ጥሩ ነው። ግን የቪዛ ቀጠሮ የያዘ ሰው 30 ቀን ከየት ያመጣል? ስለዚህ ከአገር ወደ አገር ስትዘዋወሩ የድሮው ሲም ሳይዘጋ አዲሱን ቁጥር መጨመር ነው ያለባችሁ። ተራው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ጨምሩ፣ ከዚያ አረጋግጡ፣ በመጨረሻ የድሮውን አውጡ።

ያሁ ላይ የቀራችሁ

በኛ አገር ኢንተርኔት ካፌ በየሰፈሩ በተከፈተበት ዘመን ኢሜይል ማለት ያሁ ማለት ነበር። የብዙ ታላላቆቻችን አካውንት አሁንም እዚያ ነው። አዲስ ለሚከፍት ሰው ግን ያሁን አልመክርም። ሦስት ምክንያት አለኝ።

እ.ኤ.አ. በ2013 በደረሰበት ጥቃት በጊዜው የነበሩት 3 ቢሊዮን አካውንቶች በሙሉ ተነክተዋል። ሙሉ መጠኑ የታወቀው ከአራት ዓመት በኋላ በ2017 ነው። ያን ጊዜ ያሁ የነበራችሁና ያንኑ ፓስወርድ ዛሬም ሌላ ቦታ የምትጠቀሙ ካላችሁ፣ ይህን ጽሑፍ አቋርጣችሁ ቀይሩት።

ሁለተኛው የጊዜው ማጠር ነው። ያሁ 12 ወር ያልተከፈተ ሣጥንን ሊያጸዳ ይችላል። ጉግል ሁለት ዓመት ይታገሳል። ሦስተኛው ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ነው። ያሁ እ.ኤ.አ. በ2013 ባለቤት ያልጎበኛቸውን አድራሻዎች ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ አስታውቆ ነበር። አስቡት። የፌስቡክ አካውንታችሁ የተከፈተው በያሁ አድራሻ ነው። አድራሻው ለሌላ ሰው ተላልፏል። የፌስቡክ ፓስወርድ ማስቀየሪያው ወደዚያ ሰው ይሄዳል።

ያሁ ያላችሁ ሰዎች ስትለቁት አካውንቱን አትሰርዙት። በየሁለት በየሦስት ወሩ እየገባችሁ ባለቤት እንዳለው አሳዩ። በጎን ባንክን፣ ፌስቡክን፣ ቴሌግራምን፣ የትምህርት ቤት ምዝገባን ሁሉ አንድ በአንድ ወደ አዲሱ አድራሻ አዙሩ። በአንድ ቀን የሚያልቅ አይደለም። «ሰላም» ወይም «እንኳን ደስ አለዎት» የሚል መልእክት በድሮው በመጣ ቁጥር ማን እንደላከው አይታችሁ እዚያው መቀየር ይቀላል።

ፕሮቶን ሜይል

ፕሮቶን እ.ኤ.አ. በ2014 ስዊዘርላንድ ውስጥ የተመሠረተ ነው። መሥራቾቹ በሰርን የምርምር ማዕከል የተገናኙ ሳይንቲስቶች ናቸው። መልእክታችሁ በራሳችሁ ቁልፍ ተቆልፎ ነው የሚቀመጠው። ኩባንያው ራሱ የመልእክቶቹን ይዘት ማንበብ አይችልም። ለጋዜጠኛ፣ ለጠበቃ፣ የታካሚ መረጃ ለሚይዝ ሰው ይህ ትልቅ ዋጋ አለው።

ዋጋው የሚከፈለው ግን በር የተዘጋ ቀን ነው። ፓስወርድ ረስታችሁ በስልክ ወይም በኢሜይል ብትቀይሩት አካውንቱ ይከፈታል። የድሮ መልእክቶች ግን እንደተቆለፉ ይቀራሉ። የሚከፍታቸው አስቀድማችሁ ያስቀመጣችሁት ባለ 12 ቃል የማስመለሻ ሐረግ ወይም ፋይል ነው። እሱ ከሌለ ማንም አያነበውም፣ ፕሮቶንም ጭምር። በነፃ የሚሰጠው ቦታ 1 ጊጋባይት ነው። በቀን መላክ የሚቻለውም 150 መልእክት ነው። ለግል ጉዳይ ይበቃል።

ለእናቴ ፕሮቶን አልከፍትላትም። ፓስወርድ በየሦስት ወሩ የሚረሳ ሰው ያንን 12 ቃል ይጠብቃል ብዬ አላምንም። ምንጮቹን መጠበቅ ግዴታው ለሆነ ጋዜጠኛ ግን ሌላ አልመክርም። ልብ በሉ፣ ከፕሮቶን ወደ ጂሜይል የምትልኩት ተራ መልእክት ጂሜይል ላይ እንደማንኛውም መልእክት ይነበባል። ቁልፉ የሚሠራው በሁለቱም በኩል ፕሮቶን ሲሆን ወይም መልእክቱን በፓስወርድ ስትቆልፉት ነው።

አይክላውድን በአጭሩ ልለፈው። አይፎን ላለው ሰው ምቹ ነው። ነፃው 5 ጊጋባይት ግን በስልኩ ባክአፕና በፎቶ ቶሎ ይሞላል። ነገ አይፎኑን ሸጣችሁ አንድሮይድ ብትይዙ የሚያስቸግር አድራሻ ነው። እንደ ሁለተኛ እንጂ እንደ ዋና አልመርጠውም።

በራስ ስም የተገዛ ዶሜይን (የኢንተርኔት አድራሻ ስም) ላይ ኢሜይል መክፈትም አለ። ድርጅት ላለው ሰው ያምራል። ለግል ግን ጣጣው ብዙ ነው። በየዓመቱ ይታደሳል፣ ክፍያው በአብዛኛው በውጭ ምንዛሪ ነው። ሳይታደስ ከቀረ ስሙን ሌላ ሰው ሊገዛው ይችላል። የገዛው ሰው ወደ እናንተ የሚላከውን ሁሉ ይቀበላል።

ሁለተኛው ቁልፍ፦ ኤስኤምኤስ፣ አፕ ወይስ ወረቀት?

ኩባንያ ከመምረጥ ይልቅ ከፓስወርድ ሌላ ምን ቁልፍ እንደምትይዙ መምረጥ የበለጠ ልዩነት ያመጣል። ለአክስቴ ልጅ በር የዘጋባትም የኢሜይሉ ዓይነት አልነበረም። ሁሉም ነገር በአንድ ሲም ላይ መንጠልጠሉ ነው።

ኤስኤምኤስ ቀላል ነው። ሁሉም ያውቀዋል። ችግሩ ስልክ ቁጥር የራሳችን አለመሆኑ ነው። የተከራየነው ነው። ለረጅም ጊዜ ሥራ ላይ ያልዋለ ቁጥር ተመልሶ ለሌላ ደንበኛ ይሸጣል። አዲሱ ባለ ቁጥር የእናንተን ኮድ ይቀበላል። ገልፍ ያሉ እህቶቻችን ሲም በመኖሪያ ፈቃድ የተመዘገበ ነው። ውል ሲያልቅ ቁጥሩም ያልቃል። አሜሪካ ወይም አውሮፓ የሄደ ሰው ደግሞ የአዲስ አበባ ሲሙን መሳቢያ ውስጥ ጥሎ ይረሳዋል። አንድ ቀን ኮዱን ሲፈልግ ሲሙ የለም። ኤስኤምኤስ የሚዘገይበት ጊዜም አለ። ኮዱ ሲመጣ ሰዓቱ አልፎበት ይገኛል።

ኦተንቲኬተር የሚባለው አፕ ሲም አይፈልግም፣ ኢንተርኔትም አይፈልግም። በየ30 ሴኮንዱ አዲስ ባለ 6 አሃዝ ኮድ ስልኩ ላይ ያወጣል። ለሚጓዝ ሰው ከኤስኤምኤስ እጅግ ይሻላል። ግን አንድ ለኛ ብቻ የሚሆን ችግር አለው። ኮዱ የሚሰላው ከስልኩ ሰዓት ነው። ብዙ ሰው የስልኩን ሰዓት በሐበሻ አቆጣጠር እንዲያሳይ ብሎ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ በእጁ ይመልሰዋል። ያኔ አፑ የሚያወጣው ኮድ ሁሉ ስህተት ይሆናል። «ኮዱ ልክ አይደለም» እያለ ይመልሳችኋል። ዓመቱን ወደኛ ዘመን የቀየረ ሰው ደግሞ ጭራሽ ገጾቹ አይከፈቱለትም፣ «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» ይሉታል። የስልኩን ሰዓት አውቶማቲክ አድርጉት። የሐበሻ ሰዓትና ቀን የሚያሳዩ አፖች አሉ፣ እነሱን ጫኑ።

ኦተንቲኬተር ያለበት ስልክ ራሱ ሲሰረቅስ? እዚህ ላይ ወረቀት ይመጣል። ጉግል ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ላበራ ሰው 10 ተጠባባቂ ኮዶች ይሰጣል። እያንዳንዱ ባለ 8 አሃዝ ነው፣ አንዴ ብቻ ይሠራል። ስክሪንሾት አንስታችሁ እዚያው ስልክ ላይ አትተዉት። ቁልፉን ቤት ውስጥ ጥሎ በሩን እንደመዝጋት ነው። ወረቀት ላይ ጻፉት። ከልደት ሰርተፍኬትና ከቤት ካርታ ጋር አስቀምጡት። ውጭ አገር ያላችሁ አንዱን ቅጂ አገር ቤት ለምታምኑት ሰው ስጡ። ለኔ ከሁሉም አስተማማኙ ይህ ነው። ባትሪ አያልቅበትም፣ ሌባም ከስልክ ጋር አይወስደውም።

ፓስኪ የሚባል አዲስ መንገድም አለ። በጣት አሻራ ወይም በፊት ይገባሉ፣ ፓስወርድ አይጻፍም። ሐሰተኛ ገጽ ሠርቶ ፓስወርድ ለሚሰርቅ ሰው አይመችም። በጣም እወደዋለሁ። ብቸኛ መግቢያ ግን አታድርጉት።

በየትኛውም መንገድ ቢሆን ኮድ ለማንም አይነገርም። «በስህተት ወደ ስልክሽ ኮድ ልኬ ነበር፣ ንገሪኝ» የሚል መልእክት ከጓደኛ አካውንት ቢመጣ እንኳ ጓደኛው ራሱ ተጠልፎ ነው። ደውላችሁ ድምፁን ስሙ።

ሲከፈት የሚሠሩ ስህተቶች

ፎርሙ ስምና የቤተሰብ ስም ይጠይቃል። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። የራስን ስምና የአባትን ስም ፓስፖርት ላይ ባለው የላቲን አጻጻፍ ጻፉ። ጸጋዬ የሚለው ስም በሦስትና በአራት መንገድ ይጻፋል። ዛሬ በአንዱ፣ ነገ በሌላው ከጻፋችሁ ኋላ ማስረጃ ስትጠየቁ አይገጥምም።

ልደትም እንደዚሁ ነው። በ1990 ዓ.ም የተወለደ ሰው ዝም ብሎ 1990 ብሎ ቢሞላ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያስረጀዋል። ሲጠየቅ ደግሞ የፓስፖርቱን ይናገራል። የማይክሮሶፍት ፎርም ላይ ይህ ነጥብ ያስጥላል። የፓስፖርቱን ቀን በአውሮፓ አቆጣጠር ጻፉ።

ሌላ ሰው ኢሜይል እንዲከፍትላችሁ አትፍቀዱ። ግድ ከሆነ ቤት ገብታችሁ ፓስወርዱን በዚያው ቀን ቀይሩት፣ ሪከቨሪ የሚለው ቦታ ላይም የማን ቁጥር እንዳለ እዩ። ዲቪ ሲሞላ ይህ ነገር በተለይ ይታያል። የካፌው ልጅ የራሱን ወይም በችኮላ የከፈተውን ኢሜይል ይሞላል። እስካሁን በነበረው አሠራር የማረጋገጫ ቁጥሩ የጠፋበት ሰው መልሶ ለማግኘት ስሙን፣ ልደቱንና በምዝገባ የተሞላውን ኢሜይል ማስገባት አለበት። ኢሜይሉን ካላወቀው አብሮ ጠፋ ማለት ነው። የዲቪ ዕጣ መውጣቱን ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት በኢሜይል አያሳውቅም። አመልካቹ ራሱ ገብቶ ነው የሚያየው። «ዲቪ ደርሶዎታል፣ ገንዘብ ይላኩ» የሚል ኢሜይል የሌባ ነው።

ኢሜይል አልገባ ሲል

ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ከአራቱ አንዱ ነው። ቦታው ሞልቷል። ወይም ስፓም ውስጥ ገብቷል፤ ጂሜይል ስፓምን ከ30 ቀን በኋላ ራሱ ያጠፋዋል፣ ስለዚህ መልስ የምትጠብቁበት ሰሞን በየሳምንቱ እዩት። ወይም ላኪው አድራሻውን ተሳስቷል። ጂሜይል ላይ ነጥብ መኖርና አለመኖሩ ለውጥ የለውም፣ ሌሎች ብዙዎቹ ላይ ግን ለውጥ አለው።

አራተኛው አሳሳቢው ነው። ሰው ሰብሮ ገብቶ መልእክቶችን ወደ ራሱ እንዲተላለፉ አድርጎ ሊሆን ይችላል። ፓስወርድ ብትቀይሩም ማስተላለፊያው ይቀጥላል። ሴቲንግ ውስጥ ፎርዋርዲንግና ፊልተር የሚሉትን ክፈቱ። የማታውቁት አድራሻ ካለ ሰርዙት። ከዚያ ከሁሉም መሣሪያ ላይ ውጡና ፓስወርዱን ቀይሩ።

ኮምፒውተር ላይ በአውትሉክ ወይም በተንደርበርድ ፕሮግራም የምትሠሩ ከሆነ ሲጠይቃችሁ ፖፕን ትታችሁ አይማፕን ምረጡ። ፖፕ መልእክቱን ወደ አንድ ኮምፒውተር ያወርድና ብዙ ጊዜ ከሰርቨሩ (ከኢሜይል ኩባንያው ኮምፒውተር) ያጠፋዋል። ኮምፒውተሩ ሲበላሽ አብሮ ይጠፋል። አይማፕ ሰርቨሩ ላይ ያለውን በሁሉም ቦታ ያሳያል።

እኔ ብጠየቅ

አንድሮይድ ስልክ ይዞ አዲስ አበባ ያለ ተማሪ ጂሜይል ይክፈት። ኦተንቲኬተር ይጫን፣ 10ሩን ኮድ ይጻፍ፣ የወንድሙን ወይም የእህቱን ኢሜይል እንደ ሪከቨሪ ያስገባ። ገልፍ ላለች እህት የምለውም ያው ነው፣ ግን የአገር ቤት ሰው ኢሜይል ሪከቨሪ ላይ ሳይገባ እንዳትተወው። የዚያ አገር ሲም ብቻውን አይበቃም። ወላጅ ከሆነ በራሱ ስልክ ይከፈትለት፣ ሪከቨሪው የልጅ ኢሜይል ይሁን፣ ፓስወርዱም በማስታወሻ ደብተር ይጻፍ። ቤት ውስጥ ያለ ደብተር መጥፎ ቦታ አይደለም። ሥራው ወርድና ኤክሴል የሆነ፣ ወይም አድራሻውን መቀየር የሚፈልግ አውትሉክን ይያዝ፣ ባለ 25 አሃዙን ኮድ ግን ሳያወጣ አይደር። ምስጢር የሚይዝ ሰው ፕሮቶንን ይጨምር፤ ለባንክና ለፌስቡክ ግን ጂሜይሉን ይተው።

የአክስቴን ልጅ ያዳናት የተሰበረው ስልክ ነው። አራተኛው ቀን ላይ መርካቶ ወስደን ስክሪኑን አስቀየርነው። ሲበራ ኢሜይሉ ሳይወጣ ክፍት ሆኖ ቆይቶ ነበር። የኢትዮጵያ ቁጥሯን ጨመርን፣ የእኔን ኢሜይል ሪከቨሪ አደረግን፣ ፓስወርዱን ራሷ ቀየረች። ኮዶቹን በእጇ በወረቀት ጻፈቻቸው። ወረቀቱ አሁን ከልጇ የክትባት ካርድ ጋር ነው።

እናንተም ዛሬ ማታ ስልካችሁን አጥፉና በሌላ ሰው ኮምፒውተር ኢሜይላችሁን ለመክፈት ሞክሩ። ስትጨርሱ ውጡበት። መግባት ካቃታችሁ የጎደለው የቱ እንደሆነ እዚያው ይታያችኋል፤ ስልካችሁም ገና በእጃችሁ ነው።